ጤናችን፦ አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን ይበቃል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት ነው። ነገሩ የሆነው በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ እኛ አስተማሪዎቹ ቤት በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ነው።

የግቢው ባለቤት የማታ ተማሪያችን ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። አባታቸው ገበሬ ናቸው። ለሕክምና ከገጠር መጥተው ልጃቸው ዘንድ አረፉ። እኛም እንደ ቤተሰቡ አባባ አልናቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ሲለኩ ደም ግፊታቸው 170 በ100 ሆነ። መድኃኒት ታዘዘላቸው። "ጨው ይቀንሱ" ተባሉ።

ደም ግፊት ምንድን ነው? ደም በደም ሥር ውስጥ ሲሄድ የሥሩን ግድግዳ ይገፋል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰውየው ያርሳል፣ ገበያ ይሄዳል። ውሎ አድሮ ግን ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። በአንጎል ውስጥ ያለ ደም ሥር ሊዘጋ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ጎን ሽባ ይሆናል፣ ሞትም ይመጣል። ጨው ሲበዛ በሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል፤ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል።

አባባ ግን እሺ አላሉም። "ምኔን አሞኝ ነው?" አሉ። እትዬ በትንሽ ድስት ጨው የሌለው ወጥ ለብቻ ሠሩላቸው። በሳህን ለብቻ አቀረቡላቸው። አባባ ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ብለው ተረቱ። ከዚያም ከትልቁ ትሪ ቆርሰው በሉ።

እኛም ተምረናል ብለን ስለ ልብና ስለ ኩላሊት አንድ ምሽት ሙሉ አስረዳናቸው። አባባ ዝም ብለው ሰሙን። በማግሥቱ የጨው ዕቃውን ከፊታቸው አስቀምጠው ጠበቁን!

በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን፣ "ከልጆቼ ጋር እንዳልበላ ምን አጠፋሁ?" ብለው ጠየቁ። ስህተቱ የእኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። አባባ የጠሉት ወጡን ብቻ አልነበረም። ከገበታ መለየቱን ነው የጠሉት።

ስለዚህ ትንሹ ድስት ቀረ። የሁሉም ድስት እንዲለወጥ ተስማማን። ጨው መቀነስ ለጤነኛውም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብቃው ይላል። ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በቤቱ 5 አዋቂዎች አሉ። 5 ጊዜ 5፣ 25 ግራም ነው። አንድ ኪሎ 1000 ግራም ነው። 1000 ለ25 ሲካፈል 40 ይሆናል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠሩት እትዬ ራሳቸው ናቸው።

እትዬ አዲስ ጨው ሲከፍቱ ቀኑን በከረጢቱ ላይ ጻፉ። ማን ይቁጠር? አባባ ይቁጠሩ ተባለ። የጎተራቸው እህል እስከ መኸር መድረስ አለመድረሱን የሚያሰሉ ገበሬ ናቸውና። አባባም በየማለዳው በግድግዳው ላይ በከሰል አንድ አንድ ሰረዝ ያሰምሩ ጀመር። የመጀመሪያው ኪሎ በ19 ቀን አለቀ። አባባ ሰረዞቹን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። "ይሄ ሁሉ ጨው በሆዳችን ነው ያለው?" አሉ።

ይህም በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለው ሳይቆጠር ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል። ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባል። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይገባል።

እትዬ ጨውን በእጅ መበተን ትተው በማንኪያ መለካት ጀመሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀነሱ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል እንጂ በአንድ ቀን አይለምድም። ለጣዕሙ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ጨመሩ። ቀጥሎ የተፈጨው በርበሬና ሽሮ ጨው አልገባበትም። ሁለተኛው ኪሎ 27 ቀን፣ ሦስተኛው 36 ቀን ቆየ። አንድ ቀን አባባ ጎረቤት ቡና ተጠርተው ሄዱ። የቡናውን ቁርስ ቀምሰው፣ "ጨው በዝቶበታል" አሉ። እኛ ምንም አላልንም።

መድኃኒታቸውንም አላቋረጡም። ሦስት ወር ገደማ ቆይተው ሲለኩ ግፊታቸው 138 በ86 ሆነ። ጨው ቀነስኩ ብሎ መድኃኒት ማቆም ግን አደጋ አለው። ሐኪም ሳይፈቅድ አታቁሙ።

ጨውን ቀንሱ እንጂ ጨርሳችሁ አትተዉ። የምትገዙትም አዮዲን ያለውን ይሁን። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል። ለሕፃናት አእምሮ ዕድገትም ያስፈልጋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዝዛል። አሁን ማንበብ ችላችኋልና በከረጢቱ ላይ "አዮዲን" የሚለውን ቃል ፈልጉ። ጨውን ከድናችሁ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ።

አባባ አሁን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እትዬ ጨው የሌለበት በርበሬ ቋጥረው ሰጧቸው። "የሰረዙን ነገር ለባለቤቴም አሳያታለሁ" ብለው ነው የሄዱት።

የሳምንቱ ሥራ፦
1. በቤታችሁ ስንት አዋቂ አለ? አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን ሊበቃችሁ እንደሚገባ አስሉ።
2. ጨው ስትከፍቱ ቀኑን ጻፉ። ለከብት የሚሰጠውን ለይታችሁ አስቀምጡ።
3. ጨው መቀነስ እምቢ ያለ ዘመድ ካለ አትቆጡት፤ ከገበታም አትለዩት። የመቁጠሩን ሥራ ለእሱ ስጡት።
4. ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ቁጥሩንም በደብተራችሁ ጻፉ።