አሠልጣኝ የሚመረጠው በረት ላይ ነው

ሁለት አሠልጣኝ ድርጅቶች ዋጋ አቀረቡላችሁ እንበል። አንዱ ጅግጅጋ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ስላይድ አሳይቶ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ሌላው ወደድ ይላል፤ ግን ቶጎጫሌ በረት ድረስ መጥቶ ጫኙንና ሾፌሩን በሶማሊኛ ያሠለጥናል። እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ። በግ የሚረገጠውና የሚታፈነው መኪና ላይ ነው፤ ጫኙን ደግሞ ሆቴል የሚጠራው የለም (አበሉ ለአለቆች ነው)።

ይዘቱንም ጠይቁ። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 በቀጣናችን እንስሳት ላይ የጣለችው እገዳ እስከ 2009 ቆይቷል። መንጋው ውስጥ በጎች ተከታትለው ሲጨነግፉ ምን ማድረግ እንዳለበት በግ ለሚገዛላችሁ ሰው ያላስተማረ ሥልጠና ምኑ ሥልጠና ነው?

ከክፍያው ግማሹን ያዙ። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በየመኪናው የሞተውንና ኳራንቲን የመለሰውን ቆጥራችሁ ልቀቁ፤ ቆጠራውን ግን ለአሠልጣኙ አትተዉት።