ኮምፒውተር ክትባት ይነድፋል፣ ክንዳችን ላይ ግን አይወጋም

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ ከተረጋገጠ ወዲህ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ዶክተር፣ አሁን እኮ ክትባት የሚሠራው ኮምፒውተር ነው አሉ። ታዲያ ምን ያስፈራናል?»

ነገሩ እውነትነት አለው። የቫይረሱ ዘረመል ሲነበብ ፕሮግራሙ ፕሮቲኖቹን 9 ገደማ አሚኖ አሲድ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፍላል። ከዚያ የሰውነታችን መከላከያ የትኛውን ቁራጭ ለይቶ እንደሚያውቅ ይገምታል። ይህ የላብራቶሪን ልፋት በብዙ ይቀንሳል። ግን ግምት ነው፤ በእንስሳም በሰውም ላይ መፈተኑ አይቀርም።

እኔን ሁለት ነገር ያሳስበኛል።

1ኛ፦ ቁራጩን ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩት ኤችኤልኤ የሚባሉ ሞለኪውሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ፕሮግራሞቹ የተማሩበት መረጃ ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው። የካፋ ሰው መረጃ ካልገባበት ግምቱ ለእኛ ሊስት ይችላል። እንደ አርማወር ሐንሰን ያሉ የምርምር ተቋሞቻችን ይህን ክፍተት ቢሞሉልን ትልቅ ነገር ነው።

2ኛ፦ ክትባት መኖሩ ብቻውን አያድንም። የቢጫ ወባ ክትባት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ያውም ያለ ኮምፒውተር! ሆኖም ከ1960 እስከ 1962 (እ.ኤ.አ.) የያኔውን ካፋ ጨምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዚሁ በሽታ 30,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በሽታውን ያዛመተችው ትንኝ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ትራባ ነበር። ክትባቱ ከ20 ዓመት በላይ ቢኖርም ሰዉ ጋ በጊዜው አልደረሰም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የኮምፒውተሩን ምርምር እንደግፍ፤ ግን ከጤና ኬላው ማቀዝቀዣና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አናስቀድመው። አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ናሙና የሚያገኘውም በሽተኛው ቶሎ ጤና ተቋም ከመጣ ብቻ ነው።

እናንተስ ምን ታድርጉ?
- የቢጫ ወባ ክትባት ዘመቻ አካባቢያችሁ ሲመጣ ተከተቡ። ለአብዛኛው ሰው አንዱ መርፌ ዕድሜ ልክ ይበቃል።
- ትኩሳት ከዓይን ቢጫ መሆን ወይም ከደም መፍሰስ ጋር ከመጣ ቤት አትቆዩ። ከፋርማሲ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትዋጡ፤ መድማቱን ያባብሳሉ።
- ቦንጋና ገጠሩ ላሉ ዘመዶቻችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ይህን ንገሯቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!