አራጣ ስሙን ሲቀይር

«ተበድሮ የማይከፍል ሌባ ነው!» ይህን ቃል ባለፈው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ስንጠጣ ከአንድ የተማረ ወዳጄ አንደበት ሰማሁ። ከተበዳሪዎቹ አንዱ እኔ መሆኔን አላወቀም፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እመልስለታለሁ።

የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ከዳላስ ወጣ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። የቤት ኪራይ ጎደለብኝና «ፔይዴይ ሎን» ከሚሰጥ ሱቅ 500 ዶላር ተበደርኩ። የደመወዝ ወረቀቴንና የባንክ ሒሳቤን ቁጥር ተቀበሉኝ፤ ወር ሙሉ ስንት እንደማወጣና ዕዳውን እችለው እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ለሁለት ሳምንት 115 ዶላር ማስከፈያ ነበረው። ሙሉውን መመለስ ስላልቻልኩ 115 ዶላሯን ብቻ እየከፈልኩ አራት ጊዜ አራዘምኩት። 460 ዶላር ከኪሴ ወጣ፤ ዋናው 500 ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም። በዚህ መሐል የምሠራበት ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ።

እንግዲህ ሌባው ማን ነው?

በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮች በገንዘብ ብድር ላይ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሰውን ችግር ተገን አድርጎ በአራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል። የእኔ ብድር በዓመት ሲሰላ ወደ 600 በመቶ ይጠጋል። ቴክሳስ ይህን የምትፈቅደው በስም ጨዋታ ነው፦ አበዳሪው የሚወስደው «ወለድ» 10 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ሱቁ ላገናኘበት «የአገልግሎት ክፍያ» ይባላል፤ ለዚህኛው ደግሞ የክልሉ ሕግ ጣሪያ አላበጀለትም። አራጣ ስሙን ቀይሮ፣ ባለ መብራት ማስታወቂያ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ፈርመህ የወሰድከው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ፈርሜያለሁ። ነገር ግን የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2006 ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጥ እንዲህ ያለ ብድር ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ወታደርም ፈራሚ መሆኑን ዘንግቶ አልነበረም። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ብድሩ የሠራዊቱን ዝግጁነት ይጎዳል ስላለ ነው። ወታደሩን የሚጎዳ ብድር አልጋ አንጣፊዋንና የመኪና ማቆሚያ ጠባቂውን የሚጠቅመው በምን ተአምር ነው?

የተበዳሪው ችግር ለንግዱ እንቅፋት ሳይሆን ሲሳዩ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳየው፣ አማካዩ ተበዳሪ 375 ዶላር ወስዶ ከዓመቱ አምስቱን ወር በዕዳ ሲያሳልፍ ለክፍያ ብቻ 520 ዶላር ያወጣል። አበዳሪው የተበዳሪውን አቅም አስቀድሞ እንዲያጣራ የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ፣ ሥራ ላይ ሳይውል በ2020 ተሰርዟል።

ሥራ ካጣሁ በኋላ ስልኩ ሌት ተቀን ይጮህ ጀመር። «ፖሊስ ይመጣብሃል» አሉኝ። ፈራሁ፤ ከሌላ ሱቅ ተበድሬ ልከፍልም እግሬን አንስቼ ነበር። ያዳነኝ ማንበቤ ነው። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ሰው በዕዳ ምክንያት እንዳይታሰር በግልጽ ይከለክላል፤ እንዲህ ላለ ዕዳም ደመወዝ በአሠሪ እጅ አያስይዝም። ሊከሱኝ ይችላሉ፤ መጥሪያ ከመጣ ቀርቤ እመልሳለሁ፤ ችላ ብዬ ብቀር ግን ተፈርዶብኝ የባንክ ሒሳቤ ሊያዝ ይችላል። ከሒሳቤ በየጊዜው እንዲቀነስ የሰጠሁትን ፈቃድ በጽሑፍ ሰረዝኩ፤ ባንኩንም ከመክፈያው ቀን 3 የሥራ ቀናት ቀድሜ አሳወቅሁ። ዋናውን በአቅሜ ከፋፍዬ እንደምከፍል ለሱቁ ጻፍኩ። ዕዳዬን አልካድኩም፤ የካድኩት አራጣውን ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ እነዚያ ሰዎች ከእኔ የያዙት እውነተኛ መያዣ ሐፍረቴ ነበር። እቁብና እድር ይዘን ባሕር የተሻገርን ሕዝብ፣ ወንድማችን ጎደለብኝ ከማለት ይልቅ አራጣ አበዳሪ ደጃፍ መቆምን ከመረጠ፣ ያንን ሐፍረት በቡና ላይ ወሬያችን የምናሳድገው እኛው ነን። በሚቀጥለው ጊዜ «ሌባ» ከማለትህ በፊት፣ አጠገብህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።