ኤስ.ኤ.ቲ. ወይስ ኤ.ሲ.ቲ.?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የቆየ ወዳጄ እጄን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። ሴት ልጁ 11ኛ ክፍል ናት። «አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ ኤስ.ኤ.ቲ. ትፈተን ወይስ ኤ.ሲ.ቲ.? ግራ ቢገባኝ ለሁለቱም አስጠኚ ልቀጥርላት ነው» አለኝ። ወዳጄ ታክሲ ነጂ ነው። የአስጠኚው ሂሳብ የስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሆነ ስለማውቅ «ቆይ፣ ገንዘብህን ኪስህ ክተት» አልኩት።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። ፈተና የሚቀበሉ ኮሌጆች አንዱን ከሌላው አያበላልጡም። ልዩነቱ ከልጁ ጠባይ ላይ ነው። ኤስ.ኤ.ቲ. እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ እዚህ አሜሪካ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ 98 ጥያቄ በ134 ደቂቃ ነው። ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው። ኤ.ሲ.ቲ. በ2025 ተሻሽሎ አጥሯል፤ 131 ጥያቄ በ125 ደቂቃ ሆኗል፤ ሳይንሱም በምርጫ ነው። ሲሰላ በመጀመሪያው ለአንድ ጥያቄ 82 ሰኮንድ ያህል፣ በሁለተኛው 57 ሰኮንድ ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ደጋግሞ አንብቦ የሚመልስና ቶሎ ቶሎ የሚሠራ ልጅ አንድ ዓይነት ፈተና አይስማማቸውም።

ፍርዱን ግን ለሰዓት ተዉት። በሁለት ተከታታይ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ፈታኞቹ በነፃ የሚሰጡትን የልምምድ ፈተና ልጁ ይሥራ። ከዚያ ውጤቱን ማወዳደር ነው፤ በ2018 በወጣው ማነጻጸሪያ የኤ.ሲ.ቲ. 31 ከኤስ.ኤ.ቲ. 1400 ጋር ይስተካከላል። የተሻለውን መርጦ በዚያው መጽናት ነው።

የሚያመለክቱበትንም ኮሌጅ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ኤም.አይ.ቲ. በ2022፣ ሃርቫርድ በ2024 ፈተናውን መልሰው ግዴታ አድርገዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ለቅበላ ሁለቱንም አይመለከትም።

ስለ ክፍያውም ልንገራችሁ። በትምህርት ቤት ነፃ ወይም የቅናሽ ምሳ ለሚያገኝ ተማሪ የሁለቱም ፈተና ክፍያ ሊቀርለት ይችላል። ወረቀቱ ያለው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ዘንድ ነው። እኛ መጠየቅን እንደ ልመና ስለምንቆጥር አፍረን እንከፍላለን። ልመና አይደለም፣ ለእነዚህ ልጆች የተመደበ ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶ «እኔኮ በማትሪክ ነው የቀረሁት» አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ፍርሃቱ የልጅቱ ሳይሆን የአባትየው ነው። በእኛ ጊዜ የአንድ ሰሞን ፈተና የዕድሜ ልክ ዕጣ ይወስን ነበር። እዚህ ልጅቱ ደግማ መፈተን ትችላለች፤ ብዙዎቹ ኮሌጆችም የተሻለውን ውጤት ያያሉ። ትራንስክሪፕቷም አብሮ ይመዘናል።

ልጆቻችንን እናስጠና፣ እንጠይቅላቸው፣ እንጸልይላቸው። የእኛን ማትሪክ ግን አናሸክማቸው።

ቸር ሰንብቱ።