ይቺ ማን ናት?

የድሬ ሙቀት እንደ ጉድ ነው! ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ለበርጫ ሲቀመጥ፣ እኔና አንዲት የጎረቤት ልጅ ደግሞ «ጭቃ» ይዘን ተቀመጥን። ልጅነታችን የተመለሰ መስሏችሁ እንዳትስቁ። ደረት ላይ የሚሰካ፣ የሰው ፊት ያለው ብሮሽ ልንሠራ ነው።

ጭቃው ፖሊመር ክሌይ ይባላል። ሸክላ ይምሰል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ኦቭን ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። የእኔን ያመጣችልኝ ከውጭ የመጣች ዘመዴ ናት።

«የራስሽን ፊት ሥሪ» አልኳት። ልጅቷ እሽጉ ላይ «የቆዳ ቀለም» የተባለውን አንስታ ድብልብል አደረገችው። ሮዝ ነው!

«አቦ፣ ይቺ ማን ናት?» ስላት፣

«እኔ ነኛ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ፊቷ ከጥቂት ወራት ወዲህ እየቀላ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን እንደጠቆረ ቀርቷል። ፊት የሚያቀላ ክሬም እየተቀባች ነው። ተይ ብላት አኩርፋ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ስብከቱን ትቼ «እስቲ የክንድሽን ቀለም አምጪልኝ» አልኳት።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ቢጫና ቀይ ስትቀላቅሉ ብርቱካናማ ይሆናል። የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ጨምራችሁ እሹት፤ ቡናማ ይመጣል። ነጭ ብትጨምሩ ወደ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር ብትጨምሩ ወደ ጠይም ይሄዳል። ጠቆር ያለው ቀለም ጉልበተኛ ነውና በጥቂት በጥቂቱ!

ልጅቷ ክንዷ ላይ እያስጠጋች ሦስት ጊዜ አበላሸች። በአራተኛው ልክ መጣ። ክንዷን ዝም ብላ አየችና «እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለች።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ክሌዩን በጠርሙስ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ዳምጡት። በሃይላንድ ክዳን ቁረጡና በጣት ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ሞላላ አድርጉት። ለአፍንጫ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ለዓይን ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ለከንፈር ቀይ። ለሹሩባው እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ገምዱ። ሻሹ ላይ ግን ቀለም አትሰስቱ፦ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ... የድሬ ሴት ሻሽ መቼ ቀለም ፈርቶ ያውቃል!

ኦቭኑ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ ያህል ነው፤ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ከሰልና ምጣድ ላይ ግን እንዳትሞክሩት! ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም፤ ካረረ ጭሱ መርዝ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ የተጋገረበትን ትሪ ለምግብ አትመልሱት። ሲቀዘቅዝ ከጀርባው መርፌ ቁልፍ በሱፐር ግሉ ለጥፉ። ጥፍር ቀለም አትቀቡት፤ ውሎ አድሮ እጅ ላይ ይጣበቃል። የተረፈውን ፀሐይ አታሳዩት። እኔ አንዱን መስኮት ላይ ረስቼው ሳይጋገር ፍርፍር ሆኖብኛል!

ክሌይ ያጣ አይዘን። አንድ ሲኒ የበቆሎ ስታርችና አንድ ሲኒ ነጭ ኮላ፣ ትንሽ ዘይትና የሎሚ ጠብታ ጨምሮ በለስላሳ እሳት ማማሰል ነው። ከድስቱ ሲላቀቅ አውጥታችሁ እሹት። ይኼኛው አይጋገርም፤ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይደርቅና በቀለም ይቀባል። ውሃ ግን አይወድም።

ልጅቷ ክሬሙን ጣለችው ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንዱ ክሬም ሜርኩሪ እንዳለበት፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት እንደሚጎዳ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ መልስ ግን አልሰጠችኝም። ሰኞ ዕለት ከዚራ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ሳገኛት ብሮሿን ደረቷ ላይ ሰክታለች። ጓደኛዋ ጠጋ ብላ አየችና «ይቺ ማን ናት?» አለቻት።

«እኔ ነኛ!»

ይኼን ጊዜ እኔም ሳቅሁ።