ጨረቃዋ የት ነበረች?

ባለፈው በዓል ምሳ ላይ ልጄና የባለቤቱ ወንድም ተጣሉ። ያጣላቸው ገንዘብ ወይም የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው አንድ የአገራችን መሪ ናቸው። ስማቸውን ልተወው፤ ከጠራሁት ጠቡ ወደዚህ ገጽ ይሻገራል። አንደኛው «አገር ያቆሙ ናቸው» አለ። ሌላው «የእኛን ቤት ያፈረሱ ናቸው» አለ። ዶሮ ወጡ ቀዘቀዘ፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ እንግዶቹ ተነሡ።

ማታ የ11 ዓመት የልጅ ልጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ሰውዬው ጥሩ ነበሩ ወይስ መጥፎ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የራሴ ወገን አለኝ። ወላጆቼ የነገሩኝን ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አባቷን ብደግፍ አጎቷን ልትጠላ ነው፤ አጎቷን ብደግፍ ደግሞ አባቷን። ሁለቱም እኮ የሚናገሩት ከየአባቶቻቸው የሰሙትን ነው።

ስለዚህ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ሸሸሁ። በእኛ ቤት ማንም የማይጣላበት መሪ ስፈልግ የአብርሃም ሊንከን የሕይወት ታሪክ እጄ ገባ። ከራት በኋላ በየማታው ጥቂት ገጽ ልናነብ ተስማማን። ከግንድ በተሠራ ጎጆ መወለዱ ወይም የባሪያ ነፃነት አዋጁ ይስባታል ብዬ ነበር። እሷን የያዛት ግን የጨረቃዋ ነገር ነው።

ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ኢሊኖይ ውስጥ ጠበቃ ነበር። በወጣትነቱ ትግል የገጠመውና ኋላ ወዳጁ የሆነው የጃክ አርምስትሮንግ ልጅ ዳፍ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። አባትዬው ሞቷል። እናቱ ሐና የምትከፍለው የላትም፤ ሊንከን ያለ ክፍያ ቆመላት። ዋናው ምስክር ቻርልስ አለን የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1857፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ 45 ሜትር ያህል ርቆ ሳለ ዳፍ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። በሌሊት እንዴት አየህ ሲባል፣ ጨረቃዋ ከፍ ብላ ታበራ ነበር ብሎ መለሰ።

ሊንከን አልጮኸም፤ ውሸታም ነህም አላለውም። ያንኑ ቃል ደጋግሞ እንዲናገር ካደረገው በኋላ አልማናክ አስመጣ፤ የፀሐይና የጨረቃን መውጫና መግቢያ የሚያሳየውን የዓመቱን መጽሐፍ ማለት ነው። በመጽሐፉ መሠረት ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ወደ አድማስ ዝቅ ብላ፣ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ያህል ነበር የቀራት። ጁሪዎቹ ዳፍን በነፃ አሰናበቱት። እርግጥ የረዳው አልማናኩ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች ምስክሮችም ነበሩ። ኋላ ግን ሊንከን የሌላ ዓመት አልማናክ አምጥቶ አታለለ የሚል ወሬ ተነሣ። ብዙ ቆይቶ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የዚያን ሌሊት የጨረቃ ቦታ አሰሉት፤ መጽሐፉ ልክ ነበር።

የልጅ ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «እኛስ ማየት እንችላለን?»

ለካ እንችላለን። ጨረቃ ከአዲስነቷ ተነሥታ አንድ ሳምንት ሲሞላት ግማሽ ትሆናለች። ፀሐይ ስትጠልቅ አናት ላይ ናት፤ እኩለ ሌሊት ገደማ በምዕራብ ትገባለች። የሟቹም ሌሊት ከግማሽ ጨረቃ ሁለት ቀን ያህል ቢያልፍ ነው። መነጽርም ሆነ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ጋቢና ክረምት ያለፈበት ሰማይ ይበቃል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጨረቃ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ዘግይታ እንደምትወጣ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። በገጠር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ያውም! እናቴ ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር።

ጨረቃዋን ስንጠብቅ ሌላም አገኘን። ከጥቅምት በኋላ ሰማያችን ይጠራል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል ሦስት ከዋክብት ተሰልፈው ይታያሉ፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠራው የኦሪዮን መቀነት ነው። በአንድ ወገናቸው ቀላ ያለው ቤቴልጁዝ፣ በሌላው ወገን ነጣ ያለው ራይጀል አለ። ሰፈራችን መብራት ይበዛበታል፤ ቢሆንም እነዚህ አይጠፉም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ (ለአንድ ጊዜ እንኳ አልተማረርንም) ልጅቷ ከዚያ በፊት ያላየቻቸውን ቆጥራ ቆጥራ ደከማት።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1833 ሰሜን አሜሪካ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ እንደ ዝናብ ወርዶ ነበር። ሊንከን ያን ሌሊት ያረፈበት ቤት ባለቤት «የፍርድ ቀን ደረሰ» ብሎ ቀሰቀሰው፤ እሱ ግን በመስኮት ሲያይ ከሚወርዱት ጀርባ የሚያውቃቸው ታላላቅ ከዋክብት በቦታቸው ነበሩ ይባላል። ታሪኩን የጻፈው ገጣሚው ዋልት ዊትማን ነው። ደስ ብሎኝ አነበብኩላት። እሷም፣ «ዊትማን እዚያ ነበር?» አለችኝ። አልነበረም። ሊንከን አወራው የተባለውን ነው የጻፈው። ጠያቂ አሠልጥኜ በራሴ ላይ አመጣሁ!

በአንጻሩ የጸሐፊው የጆን ሄይ ማስታወሻ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1863፣ ጦርነቱ ገና እየነደደ፣ ሊንከን ዋሽንግተን ካለው የባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ጎራ ብሎ ጨረቃንና አርክቱረስ የተባለውን ኮከብ አየ። ከዚያ ለሄይ ሼክስፒርን ጮክ ብሎ ያነብለት ጀመር፤ የወጣቱ ዓይን ሲከደን አይቶ ሂድና ተኛ አለው። ይህን ሄይ ራሱ ስለነበረበት በማግስቱ ጽፎታል። ልዩነቱን ልጅቷ ሳልነግራት ያዘችው።

አሁን ወደ አገራችን መጻሕፍት ተመልሰናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ባዝ ከተማ ሳሉ የጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አለ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ትተውልናል፤ ንጉሠ ነገሥቱን ሲነቅፉም አይሸሽጉም። ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር ለልጅ ማንበብ አይቻልም፤ አማርኛውም ይከብዳታል። ስለ ሕገ መንግሥቱ የጻፉትን ብቻ ጎን ለጎን አድርገን እያነበብን ነው። አንዳንዱን ገጽ እኔም ሁለቴ አነባለሁ፤ ሳልወድ ያመንኩት ነገር አለ።

ባለፈው እሑድ አጎቷ ከዚያ ምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። ልጄም ነበር። ሁለቱም ስለ ኳስ ብቻ ሲያወሩ አመሹ። ግማሽ ጨረቃ ነበረችና ልጅቷ ሁለቱንም እየጎተተች በረንዳ አወጣቻቸው። ደብተሯን ይዛ በየሰዓቱ ጻፈች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ጨረቃዋ ጠፋች።

«እኩለ ሌሊት ነበር የተባለው» አለች፣ እኔን እያየች።

አጎቷ ጣቱን ወደ ጎረቤታችን አዲስ ፎቅ ቀሰረ። አባቷም፣ «አዎ፣ ከሱ ጀርባ ገብታ ነው» አለ። ልጅቷ ግን አላመነቻቸውም፤ ሦስቱም ጫማቸውን አድርገው ከፎቁ ማዶ ሊያዩ ወጡ። እኔ በረንዳው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቀረሁ።