ለወኪሉ የሚጻፈው መመሪያ የመዝገብ ቤትም ሥራ ነው

እንደ መቱ፣ እንደ ጎሬና እንደ ያዩ ባሉት የኢሉባቦር ከተሞች በቆርቆሮ ቤቶች መካከል ፎቅ መቆም ከጀመረ ወዲህ፣ ከሕንፃው አስቀድሞ የሚቆመው የወረቀቱ ክምር መሆኑን፣ ቤት ለመሥራት አስቦ ወደ ከተማ አስተዳደር ጎራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፕላን ተመርምሮ ፈቃድ ሳይሰጥ ግንባታ እንዳይጀመር ደንግጎ፣ ምርመራውንም የሕንፃ ሹም ለተባለው ባለሥልጣን ስለ ሰጠ፣ የአርክቴክቸሩ፣ የስትራክቸሩ፣ የሳኒተሪውና የኤሌክትሪኩ ፕላን ይገባል፣ ለእርማት ይመለሳል፣ ታርሞም እንደ ገና ይገባል፤ በዚህ ምልልስ ውስጥ የትኛው ገጽ የመጨረሻው እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

ይህን የመሰለውን ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር የመንግሥት ዓላማ ከሆነ ቆይቷል፤ ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ከወጣና በ2017 ዓ.ም. መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ነገሩ ወደ ሌሎችም ከተሞች እየዘለቀ ነው። በዚሁ ዘመን ግን ሌላ ነገር ተወልዷል፤ ይኸውም ኤጀንት የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል፣ በሰው ፈንታ ፋይል የሚያነሣ፣ ቅጽ የሚሞላና ፕላን የሚጭን አገልጋይ ነው። አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን ሥርዓት ለሁሉ ክፍት አድርጎ ካወጣ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ወኪል ልዩ ልዩ የሶፍትዌር መሣሪያዎችን በአንድ ዓይነት ደንብ መጠቀም ችሏል። ሆኖም የመሣሪያውን አሠራር ከውስጥ አያይም፤ የሚያየው ስሙን፣ የሚቀበላቸውን መረጃዎች ዝርዝርና በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች የተጻፈለትን መግለጫ ብቻ ነው። መግለጫው የዘለለውን ወኪሉ በግምት ይሞላዋል፤ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ነባር ሠራተኛ የለውምና።

በቤተ ክርስቲያን ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ የዕለቱን ምንባብ፣ ምስባኩንና ቅዳሴውን ለይቶ ባያመለክት ኖሮ፣ ንባቡ የጠራ ድምፁም ያማረ ዲያቆን ቢሆን የሌላውን ዕለት ባነበበ ነበር። የመሣሪያም መግለጫ ግብሩ ይኸው ነው፤ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሠራ፣ መቼም እንደማይሠራ ሊናገር ይገባዋል። እንግዲህ ይህን ሊናገር የሚችለው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

የቀኑን ነገር እንመልከት። በፕላኑ ቀኝ ግርጌ የሥራው ስም፣ የገጹ ቁጥር፣ ስኬሉና ቀኑ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ አለ። የመጀመሪያው ፕላን ከኮምፒዩተር ሲወጣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 2024 ተብሎ ታትሞ፣ ታርሞ የቀረበው ግን በኛው አቆጣጠር 3/4/2017 ተብሎ ቢጻፍበት፣ ይኸውም ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ሲሆን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ላይ ይውላል፤ አቆጣጠሩ ያልተነገረው ወኪል አዲሱን ፕላን ከሰባት ዓመት በፊት የተሠራ አድርጎ ቆጥሮ አሮጌውን ከላይ ያስቀምጠዋል። ፎርማኑም በስልኩ የከፈተውን ፕላን አምኖ ፌሮውን ያስራል፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ስሕተቱ ቢገለጥ፣ የሚፈርሰው ወረቀት አይደለም። በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዷ በሆነችው በጎሬ፣ እርማቱ የመሠረቱን ጥልቀት ወይም የውኃ መውረጃውን የሚነካ ቢሆን የጉዳቱ መጠን ይበልጥ ይከብዳል።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የረቀቀ ነው። በብዙ የፕላን ማከማቻ ሥርዓቶች ፋይል መጫንና ፕላኑን ለሠራተኛ ሁሉ ማሠራጨት ሁለት ልዩ ልዩ ግብሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ገጾቹ ተነጣጥለው ቁጥራቸው በሰው ዓይን የሚታይበት ጊዜ አለ። መግለጫው «ፕላን ይጭናል» ብሎ ካቆመ፣ ወኪሉ ፋይሉን አስገብቶ «ተፈጽሟል» ብሎ ይመልሳል፤ በሥራው ቦታ ግን አሮጌው ፕላን እንደ ነበረ ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ መልስ ቢዘገይበትም ደግሞ ይጭናል፤ ደግሞ መጫን ቅጂ ያበዛ ወይም አያበዛ እንደ ሆነ የነገረው የለምና።

የምድቡም ነገር አለ። አዋጁ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለና ሐ ብሎ ሲከፍል፣ ሀ በተሸካሚ አካሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ሐ ግን የሕዝብ መገልገያን፣ ፋብሪካንና ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ሕንፃ ያጠቃልላል። በዘልማድ ሀንና ሐን እያቀያየርን የምንጽፍ ሰዎች ምን ያህል እንደ ሆንን ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ በቅጹ ላይ ግን የፊደሉ መለወጥ የምርመራውን ሕግ ይለውጣል። በመቱ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ በፕላኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ፣ የአመልካቹ ንግግር አንዳንዴ አማርኛ ስለሚሆን፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የታሰበ መግለጫ ከሦስቱ ሁለቱን ይዘነጋል።

ስለዚህ መግለጫው ቢያንስ እንዲህ እንዲል እሻለሁ፦ «ይህ መሣሪያ ፕላኑን ይቀበላል እንጂ አያጸድቅም፤ አያሠራጭምም። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ካልታወቀ አመልካቹን ሳትጠይቅ አትሙላ። ተመሳሳይ የገጽ ቁጥር ካገኘህ አሮጌውን አትሰርዝ፤ ለመዝገብ ቤት አስታውቅ።» ቁጥርና ቀን የሌለውን ደብዳቤ አልቀበልም ሲል የኖረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የጎደለው ጠይቆት የሚጽፍ ሰው ነው። የመቱ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ከሕንፃ ሹሙና ከመዝገብ ቤቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው ሊጽፉት ይችላሉ፤ ለመመረቂያ ሥራም ከዚህ የተሻለ ርእስ በቅርብ አላይም።

ከተጻፈም በኋላ የጸሐፊው ስምና የታረመበት ቀን ይኑርበት፤ የሚያጸድቀውም የሕንፃ ሹሙ ይሁን። ከዚያም በፊት ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም 5/13/2016 ተብሎ የተጻፈበት ፕላን ለወኪሉ ይሰጠው፤ ሜይ 13 ቀን 2016 ብሎ በዝምታ ከመዘገበው መግለጫው ወደ ጸሐፊዎቹ ይመለስ፤ ቆም ብሎ ከጠየቀ ግን ወደ ሥራ ይግባ።